ቀድሞ የገባው ፋይል

ከሁሉ በፊት ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደሎቼ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሄዳሉ፣ ፊደልም እገድፋለሁ፣ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው፣ አምስተኛንም የጨረስኩት ትምህርት ቤታችን ወታደር ገብቶበት ስለነበር በቤተ መቅደሱ አዳራሽ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣቶቼ የኮምፒውተር ቁልፍ መምታት እንጂ እስክሪብቶ መያዝ አልለመዱም። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቼናይ፣ ከአገሬ ባሕር ማዶ፣ የሴቶች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስቱ የክፍል ጓደኞቼ ሥራ ናቸው፣ ማራገቢያው ከላይ እየዞረ ያንኑ ሙቅ አየር ይመልስልኛል። እኔ ሥራ የምገባው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ነው፣ ካናዳ ያሉት ሰዎች የሚመሽባቸው ያኔ ስለሆነ፣ ስለዚህ የምተኛበት ሰዓት ይኸ ነው፣ ግን አልተኛም፣ አምስት ሳምንት ሙሉ አልተኛሁም፣ ዓይኔን ስጨፍን እሑድ ይመጣል። እሑድ እናቴ ትደውላለች። የምትጠይቀኝንም አውቃለሁ፤ ለታርሺካ ቤተሰብ ምን ብዬ ልመልስላቸው፣ ትላለች። ታርሺካ ለወንድሜ የታጨች ልጅ ናት። ወንድሜ ኪሩፓን ሞቷል። እናቴ ይህን አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፣ ያወቅሁትም ሥራ ላይ ነው።

ሥራዬ የሞት ማስታወቂያ ነው። ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ እንደ ማንኛውም ሥራ ነው፣ ይለመዳል። የእኛ ሰዎች፣ የሲሎን ሰሜን የጃፍና ሰዎች፣ በዓለም ሁሉ ተበትነዋል፣ አንድ ሰው ሲሞት ልቅሶው በአራት አገር ይቀመጣል፣ ስለዚህ ማስታወቂያው በድረ ገጽ ይወጣል፣ ፎቶ ከላይ፣ ከሥሩ እገሊት፣ ቬላናይ ተወልዳ ፓሪስ ትኖር የነበረች፣ የእገሌ ልጅ፣ የሟች እገሌ ሚስት፣ የእነ እገሌ እናት፣ የእነ እገሌ አማት፣ የእነ እገሌ አያት፣ እያለ መቶም ከዚያም በላይ ስም ይወርዳል። ስሙ የተዘለለ ዘመድ አሥር ዓመት ያኮርፋል። በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ብቻ ይጻፋል፣ የሞተ ሰው ስሙ ፊት ሟች የሚል ይገባል፣ ሰዉም ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ የራሱን ስም ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ሳላውቅ ማን ሞተ ብሎ ያያል። ስሞቹ ከአንድ ቦታ አይመጡም። ፓሪስ ያለው ቅርንጫፍ የራሱን ይልካል፣ ቶሮንቶ የራሱን፣ አገር ቤት የቀረውም የራሱን፣ አንዳንዶቹ ስለማይነጋገሩ አንዱ የላከውን ሌላው አያይም፣ የሚያየው ማሽኑና እኔ ብቻ ነን። እኔ እያንዳንዱን ዝርዝር ኤክስኤምኤል በሚሉት አጻጻፍ እጽፋለሁ፣ እያንዳንዱ ስም መክፈቻና መዝጊያ ምልክት አለው፣ የከፈትኩትን ካልዘጋሁ ማሽኑ ገጹን በሙሉ እምቢ ይላል። ከዚያ ደግሞ አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፣ አንድም ስም የሌለባት፣ መጀመሪያ ይህን ፋይል አምጣ፣ ቀጥሎ ያንን አምጣ፣ ብቻ የምትል።

ይህችን ፋይል ያስተማረኝ የቢሮው ባለቤት ጋሼ ባስካራን ነው። የቼናይ ሰው ነው፣ ሲያስረዳ እጁ ዝም አይልም።

«መንገድ ዳር አበባ የምትሰካዋን ሴት አይተሻታል?» አለኝ። «ክሩ ራሱ አይሸትም። ግን ያለ ክሩ ጉንጉን አለ? ይቺ ፋይል ክሯ ናት።»

ከጎኔ የምትቀመጠው እትዬ ፑሽፓ ሳቀች። «ስሙት፣ አበባ አለ! ሬሳ ስንሰበስብ እየዋልን።»

«ለሬሳም እኮ ጉንጉን ይደረግለታል፣ ፑሽፓ።»

«በል የኔን ስትሰካ ጽጌረዳ አርገው፣ ጃስሚን ራስ ያሳምመኛል።»

ፋይሎቹ ክሩ ላይ ከተሰኩ በኋላ ማሽኑ በየተራ ያሳልፋቸዋል፣ አንዱ ቦታ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል፣ ቀጥሎ ያለው ሁለት ጊዜ የመጣ ሰው እንዳለ ያያል፣ የመጨረሻው ልብስ ያለብሳቸዋል፣ ማለት ፊደሉን ያሳምራል፣ ሟች የሚለውንም ምልክት ባለበት ስም ፊት ያስገባል። ሁለት ጊዜ የመጣው አንድ ሰው መሆኑን ለማሽኑ የምነግረው እኔ ነኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር እሰጣለሁ፣ ቁጥሩ ከተመሳሰለ ማሽኑ ቀድሞ የገባውን ይይዝና ሁለተኛውን ይጥላል። ለምን ጣልከው ቢሉት አይመልስም። ለዚህ ነው ማስታወቂያውን ያዘዘው ቤተሰብ ፋይል ሁልጊዜ የሚቀድመው፣ ሕጉ ከማያዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በቀይ።

ረቡዕ ነበር። ፎቶውን ስከፍተው አያቴ ናት። ታንጋራትናም፣ የአባቴ እናት፣ ልጇ ዮጋራሳ ፓሪስ ከወሰዳት ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሞታለች፣ እኔም የሰማሁት እንደ ማንም ደንበኛ በኢሜይል ነው። ዮጋራሳ አጎቴ ነው ግን አያውቀኝም፣ አገር የለቀቀው ሳልወለድ ነው። ከእናቴ ጋርም አይነጋገሩም፣ አባቴ ሲሞት አስከሬኑ የሚቃጠልበትን እንጨት ማን ይለኩስ በሚል ተጣልተው፣ አጎቴ እስክደርስ ጠብቁኝ ብሎ ነበር፣ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ፣ እናቴ መጠበቅ አልቻለችም፣ ኪሩፓን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ እጁን የእናቴ ወንድም ይዞለት ለኮሰ፣ ያው ይኸ እስከ ዛሬ ይቅር አልተባለም። ሆኖም እናቴ አማቴ ሞታ ስሜ ሊቀር አይደለም ብላ የራሷን ዝርዝር ልካለች፣ በመንደራችን በቬላናይ ስልክ ቤት ባለው በካናጋራሳ በኩል፣ እርሱም ከላይ ጨምሮበታል፣ እባካችሁ ምራቲቱን እንዳትዘሏት ብዙ አልቅሳለች ብሎ። ከሥሩ፣ ምራት ፑቫኔስዋሪ። የልጅ ልጆች፣ ኪሩፓን፣ ውጭ አገር። ቫላርማቲ፣ ቼናይ። ቫላርማቲ እኔ ነኝ። የራሴን ስም ከፍቼ ዘጋሁት፣ የሰው ስም ይመስል ነበር።

ከዚያ የፓሪሱን ጀመርኩ። ስድሳ አራት ስም። የእኔ የለም፣ ረስተውኛል፣ አልከፋኝም። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ አጎቴ በእጁ ጽፎ ፎቶ አንስቶ በላከው ወረቀት ላይ፣ ሟች ኪሩፓን፣ የሟች ወንድሜ ልጅ፣ ዩክሬን ድንበር ላይ ያረፈ፣ ይላል። ወረቀቱን አጎላሁት። ሌላ ኪሩፓን ይሆናል አልኩ። የሟች ወንድሜ ልጅ ይላል። አጎቴ ሌላ ወንድም የለውም። ኪሩፓን ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው እዚህ ማደሪያ ነው፣ እዚያ በኮሪደሩ ስልክ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሻወር ቤት ተሰልፈው ፎጣ ትከሻቸው ላይ እያሉ እኔ አንድ ጆሮዬን ደፍኜ አወራዋለሁ፣ ኪየቭ ነኝ ይላል፣ «ማቲ፣ እዚህ ሰዉ ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚኖረው! በሩን ከፍተሽ ትወጫለሽ፣ ውጩም ፍሪጅ ነው!» ይላል፣ ይስቃል፣ ደላላው ቅዳሜ እንሻገራለን ብሏል ይላል፣ ወፍራም ካልሲ አለህ ወይ እለዋለሁ፣ ሁለት ደርቤያለሁ ይለኛል። ሁለት ዓመት ሆነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ መንገድ ላይ ነው ትላለች። ለአባቴ በየወሩ ጨረቃ በማትወጣበት ቀን ሩዝ ቅጠል ላይ አድርጋ ቁራ ትጠራለች፣ የሙታንን ድርሻ የሚበላው ቁራ ነውና፣ ለኪሩፓን ጠርታ አታውቅም፣ ለሕያው ሰው ቁራ አይጠራም።

ለሁለቱም ኪሩፓን አንድ ቁጥር ሰጠኋቸው፣ አንድ ሰው ናቸውና። አላለቀስኩም። ገጹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። ሲወጣ ወንድሜ በሕይወት ነበር፣ ስሙ ፊት ምንም የለም፣ ኪሩፓን ብቻ፣ ምክንያቱም ክሩ ላይ የቬላናይ ፋይል ከፓሪሱ ቀድሞ ነበር።

በማግስቱ ስልክ ጮኸ፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«የማስታወቂያ ቢሮ ነው? ዮጋራሳ ነኝ፣ ከፓሪስ። የእናቴ ገጽ ላይ ስህተት አለ። የሞተ ልጅ በሕይወት አድርጋችኋል።»

«የትኛው ነው ጌታዬ?» አልኩት። የትኛው! አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

«ኪሩፓን። ድንበር ሲሻገሩ ብርዱ ነው የገደለው። አብሮት የነበረ ልጅ እዚህ መጥቶ ነገረን።»

«እናቱ ያውቃሉ?»

«ለአንድ የመንደሩ ሰው ነግሬ ነበር፣ ሳይነግራት አይቀርም። እኔና እሷ... በይ ተይው።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «አነጋገርሽ የእኛ ደሴት ነው። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የማናር ልጅ ነኝ ጌታዬ።»

«ሂጂ ወዲያ! የማናር ሰው እንዲህ ጎትቶ አያወራም።» ሳቀ፣ የአባቴ ሳቅ ነው፣ አንድ ነው። «በይ ልጄ፣ አስተካክዪልኝ።»

ጋሼ ባስካራን ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። «አንቺ ሲሎን፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዩ ጽሑፍ ለጌጥ መሰለሽ?»

«ተሳስቼ ነው ጋሼ። ቅደም ተከተሉን አገላበጥኩት።»

«ይኸን የሚያነበው እኮ ሰው የሞተበት ሰው ነው። በእሱ ላይ አይቀለድም።»

«ተዋት እባክህ» አለች እትዬ ፑሽፓ፣ «ፊቷን አታየውም እንዴ፣ የገዛ አያቷ የሞተችባት ትመስላለች።»

ሁለቱን መስመሮች አለዋወጥኳቸው፣ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ፓሪስ ከላይ፣ ቬላናይ ከታች። ማሽኑ ሁሉንም እንደገና አሳለፈ። ወንድሜ ሞተ።

ግን ካናጋራሳ ገጹን በመጀመሪያው ቀን አትሞታል። የታተመ ወረቀት ደግሞ እኔ እዚህ መስመር ስለቀየርኩ አይቀየርም። የቆየ የሞት ማስታወቂያ ሁለተኛ ጊዜ የሚከፍት ሰውም የለም። ስለዚህ አሁን ኪሩፓን በዓለም ሁሉ ሟች ነው፣ በሕይወት ያለው አንድ ቦታ ብቻ፣ ቬላናይ፣ እናቴ ግድግዳ ላይ። በዚያ እሑድ ስትደውል እንዲህ ስትጮህ በጭራሽ ሰምቻት አላውቅም።

«ማቲ! ሰማሽ ወይ? ካናጋራሳ አነበበልኝ!»

«ምን አነበበልሽ እማ?»

«የአያትሽን ወረቀት ነዋ! ስሜ አለ፣ ስምሽ አለ፣ ወንድምሽ አለ። ከእነሱ ልጆች ጋር፣ ከነዶክተሮቹ ጋር፣ መሐል ተደርድሮ! ሟች አላሉትም። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት፣ ካናጋራሳ አሁንስ ራሴ ልሞት ነው እስኪል። እነዚያ ኩሩዎች ፓሪስ ሆነው ሁሉን ይሰማሉ፣ ልጄ አንድ ነገር ቢሆን አይጽፉም ነበር? የዮጋራሳን አፍ አላውቀውም? ለክፉ ወሬማ ማን ይቀድመዋል!»

«እማ...»

«ምን ሆነሻል፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነሽ ነው እንዴ የምታወሪው? ጮክ በይ እንጂ!»

«ምንም አልሆንኩም። ደስ ብሎኝ ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ስለ ታርሺካ ነገረችኝ። መምህር ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ኮከቧ ከኪሩፓን ጋር ገጥሟል፣ ድሮም ታስባ ነበር፣ ግን የልጅቷ ቤተሰብ ያለበትን ሳናውቅ እንዴት ብለው ይዘውት ቆይተዋል፣ አሁን እናቴ ወረቀቱን ይዛ ቤታቸው ሄዳ አሳየቻቸው። ይኸው አለች። ቃል ሰጠቻቸው፣ እነሱም ተቀበሉ፣ ከኮፓይ የመጣውንም ሌላ ሽማግሌ መለሱት። ባለፈው እሑድ ስልኩን ለራሷ ለታርሺካ ሰጠቻት። ቀጭን ድምፅ አላት፣ የአስተማሪ አይመስልም።

«ማቲ፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ አትሳቂብኝም?»

«አልስቅም።»

«ወንድምሽ የማይወደው ምግብ ምንድን ነው? እናትሽን ብጠይቃቸው ሁሉን ይወዳል ይሉኛል። እናት ስትባል ሁሉም እንዲሁ ነው።»

«ዱባ» አልኳት። «ዱባ አይወድም።»

«ኧረ ተመስገን! እኔም አልወድም።» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኮፓዮቹ እንደገና ልከዋል። አባቴ እስከ እሑድ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። አንቺ ምን ትያለሽ? አንቺ ከተማ ነሽ ያለሽው፣ ወሬ ይደርስሻል። ይመጣል?»

መስመሩ እየተቋረጠ ነው አልኳት። አልተቋረጠም፣ ስልኩን የዘጋሁት በጣቴ ነው፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መልሶ ሲጮህ ሰማሁት፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከሻወር ቤት አንዷ አንሱት እንጂ ብላ ጮኸች፣ አላነሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ማታ የሚሰጡንን ሩዝ ለጓደኞቼ አካፍላለሁ። ትናንት የወሩ መጨረሻ ስለነበር ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ፈረምኩ፣ ስደተኛ ሁሉ በየወሩ ይፈርማል፣ አለሁ ብሎ፣ ሰውየው ፎቶዬን አየና ፊቴን አየና ታመሽ ነበር ወይ አለኝ፣ አይ አልኩት፣ እዚህ ጋ አለኝ፣ ፈረምኩ። እየፈረምኩ ታርሺካን አሰብኩ፣ የኮፓዩን ሰው ከመለሰችው ሌላ ሰው አይመጣላትም፣ ዱባ ሳትሠራ ሠላሳ ዓመት ትጠብቃለች፣ እናቴም አጠገቧ ትጠብቃለች፣ ሁለት ሴቶች አንድ ወረቀት ሥር ተቀምጠው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። እሑድ እነግራታለሁ። ስልኩን አንስቼ፣ እማ ቁጭ በይ፣ ካናጋራሳ ወንበር ይስጥሽ፣ እላታለሁ፣ ከዚያም እነግራታለሁ። ብርዱን አልነግራትም፣ አገሩን ብቻ። ትጮሃለች፣ የስልክ ቤቱ ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ይስማ። ወረቀቱስ ትለኛለች። ወረቀቱን እኔ ነኝ የሠራሁት እላታለሁ፣ ለጋሼ ባስካራን ስህተት ነው ያልኩትም ውሸት ነው፣ አልተሳሳትኩም፣ ቀዩን ጽሑፍ ቀና ብዬ አይቼ፣ አንብቤው፣ የቬላናይን ፋይል ከላይ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ይኸንንም እነግራታለሁ። እስከዚህ ድረስ መናገር እችላለሁ። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የምትለው ነው፣ አውቃታለሁ፣ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ፣ ልጄ ለእኔ አዝነሽ ነው፣ ልቤ እንዳይሰበር ብለሽ ነው፣ ትለኛለች። ታርሺካም እንደዚያ ትላለች። ይቅር ይሉኛል። ዝም ብዬ ይቅርታቸውን እቀበላለሁ፣ ዕድሜዬን በሙሉ።

ለእርሷ አዝኜ አልነበረም። ይኸን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለራሴም ቢሆን እስከዚህ መስመር ድረስ። አያቴ ከመሞቷ በፊት በነበረው እሑድ እናቴ ብላኝ ነበር፣ ማቲ፣ ወንድምሽ ከመጣ አንቺ እዚያው ሥራሽን ሥሪ፣ እርሱ ካልመጣ ግን አንቺ ትመለሻለሽ፣ ሁለታችሁንም አጥቼ አልኖርም። እሺ ብያት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ሟች ኪሩፓን የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ የወንድሜ ፊት አይደለም። ወደ ደሴታችን የሚመልሰኝ ጀልባ ነው። ቤታችን ነው፣ ጨለማው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘጋው በር፣ እናቴ አጠገብ ተኝቼ የማረጅበት ምንጣፍ። ከዚያ ቀና ስል ማያው አለ፣ በስሜ የሚከፈት፣ ወንበሬ አለ፣ ማንም የማይቀመጥበት፣ እትዬ ፑሽፓ ሻይ እያማሰለች የማይረባ ነገር ታወራለች። መመለስ አልፈለግሁም። እኔ እዚህ እንድቀር ኪሩፓን በሕይወት መኖር ነበረበት፣ ስለዚህ አስቀደምኩት።